በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መንገድ የሚመራ የእጅ ስልክ

ሰው ከማያውቀው አገር በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው ማደሪያና እንጀራ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ካገኘ በኋላ ግን የሚያስጨንቀው መንገዱ ነው። የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቍጥር ከወላጆቹ ተለይቶ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ወጣት ይህን ጭንቀት በሚገባ ያውቀዋል። በእጁ የያዘው ወረቀት የሕንፃውን ስም፣ የክፍሉን ቍጥርና ሰዓቱን ይነግረዋል፤ ሕንፃው ወዴት እንደ ሆነ ግን አይነግረውም። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሕንፃዎቹም እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። በአጠገቡ የሚያልፈው ተማሪ ሁሉ መንገዱን አጥርቶ የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለመጠየቅ ያፍራል። እርሱ ሲያፍር የምዝገባው ሰዓት ያልፋል፤ ወይም የመጀመሪያው ፈተና ይጀመራል። እናት በስልክ «ደረስህ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ «አዎን፣ ደርሻለሁ» ይላታል፤ የደረሰው ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ የኮምፒውተር ተማሪዎችና መሐንዲሶች የሚያስቡት አንድ ዘዴ አለ። ይኸውም በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን፣ በግቢው ውስጥ መንገድ የሚመራ ፕሮግራም መሥራት ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ወጣቶች «አፕ» ይሉታል፤ በአማርኛ ደግሞ «መተግበሪያ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ነገሩ በሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ካርታውን በስልኩ መስተዋት ላይ ሥሎ ቀስት ማሳየት ነውና። ሥራውን የጀመረ ሰው ግን የሚከብደው ቀስቱ እንዳልሆነ ቶሎ ይረዳል። እንግዲህ የሚከብደው ምን እንደ ሆነ ለማየት ምሳሌ የሚሆነንን አንድ ግቢ እንምረጥ።

አስቀድሞ ግን አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። «ግቢ» ማለት በአጥር የተከበበ የቤት ዙሪያ ነው። በቀድሞው ዘመን «ግቢ» ብቻ ሲባል የንጉሥ ቤተ መንግሥት ማለት ሊሆን ይችል ነበር። ዛሬ ደግሞ አንድ ወጣት «ግቢ ገባሁ» ሲል ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ማለቱ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ በስድስት ኪሎ ሁለቱ ትርጕሞች በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል። ምክንያቱም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ዋና መቀመጫ እንዲሆነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት የራሳቸውን መኖሪያ፣ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ነበር። በመጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይጠራ የነበረው ትምህርት ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ቤተ መዘክሩ ይገኛሉ፤ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ቤት ለጐብኚ ይታያል። ለመሳፍንት መናፈሻ ታስቦ የተሠራ ግቢ በሺህ ለሚቈጠር ተማሪ መመላለሻ ሲሆን መንገዱ ለእንግዳ ቢያስቸግር የሚያስገርም አይደለም።

ደግሞም «ዩኒቨርሲቲው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ አያገኝም። ዋናው ግቢ በስድስት ኪሎ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው በአራት ኪሎ፣ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቀድሞ ስፍራ ነው፤ የምሕንድስናው በአምስት ኪሎ፣ የሕክምናው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የሕንፃ ሥራው በልደታ፣ የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ከከተማው ወጥቶ በቢሾፍቱ ነው። አራት፣ አምስትና ስድስት የሚባሉት ስሞች ከኪሎ ሜትር ቍጥር የመጡ ሲሆኑ ለከተማው ሰው ግልጽ ናቸው። ከሩቅ ለመጣ ልጅ ግን ሦስት ተመሳሳይ ስሞች ናቸውና አንዱን በሌላው መለወጥ ቀላል ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ማንኛውንም ቀስት ከማሳየቱ በፊት «የትኛው ግቢ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ከስድስት ኪሎ በር ላይ ቆመን እናድምጥ። አንዲት አዲስ ተማሪ በር የሚጠብቁትን ሽማግሌ ዘበኛ፣ «አባባ፣ እባክዎ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በየት በኩል ነው?» ብላ ብትጠይቅ የምታገኘው መልስ ይህን የመሰለ ነው፦

«ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ልጄ። አንበሳው ከተቀመጠበት ደረጃ ስትደርሺ ደግመሽ ጠይቂ።»

አንዳንድ ሰው በዚህ መልስ ይሥቃል፤ የመንገዱን እኩሌታ ብቻ ነግረዋታልና። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ከብዙ ካርታ የሚበልጥ ምሪት ነው። አንደኛ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ሰጥተዋታል፤ ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ልትይዘው ከምትችለው በላይ አልጫኑባትም፤ ሦስተኛ፣ ስሕተት ቢኖር የሚታረምበትን ስፍራ ወስነውላታል። መተግበሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከእኒህ ሽማግሌ አጠገብ ለአንድ ቀን ቢቀመጥ መልካም ነበር።

ስለዚሁ ደረጃም ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ እንግለጽ። በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ ወደየትም አያደርስም። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን የፋሽስት መንግሥት በሮማ ሥልጣን ከያዘበት፣ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1922 ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት ይቈጥር ነበር። ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ አንድ የድንጋይ አንበሳ ተቀመጠበት፤ ቍጥሩም በዚያው ቆመ። የካርታ ሠሪ መኪና ወይም ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን አያውቅም። ካርታው ላይ «ደረጃ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ እንደ ሆነ፣ ሰውን በደረጃው ሽቅብ አውጥቶ ከአንበሳው ፊት የሚያቆም መሣሪያ ቢገኝ አይደንቅም። የግቢ ካርታ የሚሠራ ሰው በእግሩ እየዞረ ሁሉን ነገር በዓይኑ ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ስልኩ ያለበትን ስፍራ የሚያውቀው በሳተላይት ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ፣ ቍጥራቸው ከ24 የማያንስ የአሜሪካ ሳተላይቶች አሉ፤ ይህ ሥርዐት ጂፒኤስ ይባላል፤ ሌሎች መንግሥታትም የየራሳቸውን አቁመዋል። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ የተስተካከለ የአቶም ሰዓት ተሸክሞ ያለበትን ስፍራና ሰዓቱን ያለማቋረጥ ይናገራል። ስልኩም ምልክቱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል፤ ስፍራውን በትክክል ለማወቅም ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች መስማት አለበት። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ ሰዓቱ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ቢሳሳት ስፍራው 300 ሜትር ይዛነፋል። እስከ 2000 በአውሮጳ አቈጣጠር ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ነበር፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ይህን ትቶአል። ዛሬ በገላጣ ሜዳ ላይ የእጅ ስልክ ስፍራውን በ5 ሜትር ገደማ ያውቃል፤ ይህን ምልክት ለመቀበልም የስልክ መስመርም ሆነ ክፍያ አያስፈልግም።

ነገር ግን በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልና በትልልቅ ዛፎች ሥር ምልክቱ ይደክማል፤ ከግድግዳ ላይም እየነጠረ ስለሚመጣ ስልኩን ያሳስተዋል። 5 ሜትር ለመኪና መንገድ ምንም አይደለም፤ ለሁለት ጎን ለጎን ለሚገኙ በሮች ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ከቤት ውስጥ ሲገቡማ መሣሪያው ይታወራል ማለት ይቻላል፤ ተማሪው በምድር ቤት ይሁን በሦስተኛ ፎቅ ሊለይ አይችልም። በሀብታም አገሮች ለዚህ መፍትሔ ብለው በየኮሪደሩ ትንንሽ የሬድዮ ምልክት ሰጪዎችን ይተክላሉ። እነዚህ ባትሪያቸው ያልቃልና ተጠባባቂ ይሻሉ። እኔ ብጠየቅ ርካሹን እመርጣለሁ፤ ይኸውም ኪውአር ኮድ የሚባለው፣ በጥቁርና በነጭ ነጠብጣብ የተሞላው አራት ማዕዘን ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል በ1994 በአውሮጳ አቈጣጠር በጃፓን አገር ዴንሶ በተባለው ኩባንያ የመኪና ዕቃዎችን ለመቈጣጠር የተፈጠረ ነው። በየሕንፃው በርና በየፎቁ መውጫ ላይ አንዳንድ ቢለጠፍ፣ ተማሪው በስልኩ ካሜራ አንሥቶት ያለበትን በርና ፎቅ ያለ ጥርጥር ያውቃል። ወጪው ወረቀትና ሙጫ ነው።

ስልኩ ስፍራውን ካወቀ በኋላ መንገዱን ይመርጣል። የሚመርጥበትን ዘዴ የፈጠሩት ኤድስገር ዴይክስትራ የተባሉ የሆላንድ አገር ሊቅ ናቸው። በ1956 በአውሮጳ አቈጣጠር በአምስተርዳም ከተማ ከእጮኛቸው ጋር ገበያ ውለው ደክሞአቸው ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው ሳሉ በ20 ደቂቃ ውስጥ፣ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ እንዳሰቡት ራሳቸው ተናግረዋል፤ በጽሑፍ የወጣው በ1959 ነው። ዘዴው እንዲህ ነው። መገናኛው ሁሉ ነጥብ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ሁሉ መስመር ተደርጎ ይያዛል፤ ለእያንዳንዱም መስመር ዋጋ ይሰጠዋል። ከመነሻው ጀምሮ ሁልጊዜ አነስተኛ ዋጋ ያለውን ነጥብ እያስቀደሙ ሲሄዱ ወደ መድረሻው የሚወስደው ርካሽ መንገድ ይገኛል።

የነገሩ ቍልፍ ያለው «ዋጋ» በተባለው ቃል ላይ ነው። ዋጋው ሜትር ብቻ ከሆነ መሣሪያው አጭሩን መንገድ ይሰጣል። ነገር ግን አጭሩ መንገድ ለማን ነው አጭር የሚሆነው? በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ አምስት እርከን ያለው ደረጃ እንደ ግንብ ነው፤ ከደረጃው ይልቅ ሁለት መቶ ሜትር መዞር ይሻለዋል። ዓይነ ሥውር ለሆነ ተማሪ ክፍት የውሃ ቦይ ያለበት አቋራጭ አደጋ ነው። ከቤተ መጻሕፍት በምሽት ለምትወጣ ልጃገረድ መብራት የሌለው የዛፍ ሥር መንገድ ምንም ቢያጥር ዋጋው ውድ ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃ የሚሆነው ሣር ሁሉ ከመንገድ ይሰረዛል። እንግዲህ ንድፉን የሚሠሩት ወጣቶች ለእያንዳንዱ መስመር «ደረጃ አለበትን? መብራት አለበትን? በዝናብ ያልፋልን?» ብለው ጠይቀው መመዝገብ አለባቸው። አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ይህን ለኋላ ብለው ይተዉታል፤ ለኋላ የተባለውም ሳይሠራ ይቀራል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ይህ ነው እላለሁ። ጤነኛው ተማሪ ቢሳሳት ተመልሶ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለው ግን ቍልቍለት ወርዶ ከደረጃ ፊት ከደረሰ በኋላ መመለሻ ላይኖረው ይችላል።

ሰው መንገድን በልቡ እንዴት እንደሚይዝ አሜሪካዊው የከተማ ንድፍ ሊቅ ኬቪን ሊንች በ1960 በአውሮጳ አቈጣጠር ባወጡት መጽሐፍ መርምረዋል። የቦስተንን፣ የጀርዚ ሲቲንና የሎስ አንጀለስን ነዋሪዎች ጠይቀው ሰው ከተማን የሚያስታውሰው በመንገዶች፣ በዳርቻዎች፣ በሰፈሮች፣ በመገናኛዎችና ጎልተው በሚታዩ ምልክቶች እንደ ሆነ ጽፈዋል። የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ የሊቅ ምስክር አያስፈልገውም፤ የመንገድ ስምና የቤት ቍጥር ጠይቆ የሚሄድ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ከሐውልቱ ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ጎን» እያለ ይኖራል። ስለዚህ መተግበሪያው «በ40 ሜትር ወደ ግራ ታጠፍ» ከሚል ይልቅ «አንበሳውን ስታይ ወደ ግራ ታጠፍ» ቢል ይሻላል። 40 ሜትር ምን ያህል እንደ ሆነ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የስሞች ነገር ነው። አንድ ሕንፃ በመዝገብ አንድ ስም፣ በተማሪ አፍ ሌላ ስም፣ በአሮጌ ዘበኞች ዘንድ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይኖረዋል፤ ሦስቱም መመዝገብ አለባቸው። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ይህንንም ቋንቋውን የሚማሩ አንባቢዎቻችን በራሳቸው ደብተር ላይ አይተውታል። ሀ፣ ሐና ኀ በአነጋገር አንድ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የተለየ ነው፤ የግእዝ ፊደል በ1999 በአውሮጳ አቈጣጠር ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ የራሱ ቍጥር ተሰጥቶታልና። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በ«ሥ» ወይም በ«ስ»፣ በ«ጽ» ወይም በ«ፅ»፣ በ«ሑ»፣ በ«ሁ» ወይም በ«ኁ» ሊጻፍ ስለሚችል 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል፤ ሁለቱ ቃላት ተገጣጥመው ወይም ተለያይተው ሲጻፉ 24 ይሆናል። ተማሪው በአንዱ ጽፎ መሣሪያው በሌላው መዝግቦ ከሆነ «አልተገኘም» ይለዋል። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ መለወጥ ነው። የአጻጻፉ ትክክለኛነት በመጽሐፍ ይጠበቅ፤ መንገድ የጠፋበትን ሰው ግን ሆሄ አሳስተሃል ብሎ መመለስ አይገባም። ከዚህም ጋር ከኦሮሚያ፣ ከትግራይ፣ ከሶማሌና ከሌላውም አገር የመጣው ተማሪ በየቋንቋው ቢጠይቅ መልስ ማግኘት አለበት።

የሰዓትም አቈጣጠር እንዲሁ ነው። መተግበሪያው የትምህርት ሰዓትን ከመንገዱ ጋር የሚያሳይ ከሆነ በየትኛው ሰዓት ይቈጥራል? በኢትዮጵያ ቀኑ የሚጀመረው ከንጋት ነውና ጧት ሦስት ሰዓት የሚባለው በፈረንጅ ሰዓት 9 ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ይህንኑ ሰዓት «ሳአ ታቱ»፣ ሦስት ሰዓት ይሉታል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ነገሩ የታወቀ ነው። ስልኩ «9፡00» ብሎ ቢጽፍና ተማሪው በለመደው አቈጣጠር ቢያነብበው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመስለዋል፤ ለፈተናውም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ «ጧት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚል ቃል ሳይጨመር ቍጥር ብቻውን መጻፍ የለበትም።

ስለ ወጪው አጠር አድርገን እንናገር። ካርታው በሙሉ አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የኢንተርኔት ሒሳብ ላይኖረው ይችላልና። ፕሮግራሙ ትንሽ፣ ለአሮጌ ስልክም የሚሆን ይሁን። ለካርታው መነሻ የሚሆን ነገር ያለ ዋጋ ይገኛል፤ በ2004 በአውሮጳ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የጀመሩት ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ካርታ ማንም ሰው ሊጠቀምበትና ሊያርመው የሚችል ነው።

ስልክ ጨርሶ የማይፈቀድበት ጊዜም አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ወደ ማያውቁት ግቢ ገብተው አድረዋል፤ የእጅ ስልክ ይዞ መግባት ግን የተከለከለ ነበር። መንገድ መሪ በጣም በሚያስፈልግበት ቀን መተግበሪያው ከቤት የሚቀር ከሆነ ምን ይደረጋል? የዚህ መልስ በንድፉ ውስጥ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ስሞቹ፣ ምልክቶቹና መንገዶቹ በተሰበሰቡበት በዚያው መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በአንድ ወረቀት የሚታተም ካርታና በየመገናኛው የሚቆም ሰሌዳ መሥራት ይቻላል። እንዲያውም ሰሌዳው ከስልኩ በፊት ቢቆም አልቃወምም።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። መንገድ የሚመራ ስልክ ባለቤቱ የት እንዳለ ያውቃል፤ ያወቀውን ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ የሚልክ ከሆነ የልጆቻችን እርምጃ በሌላ ሰው መዝገብ ይጻፋል ማለት ነው። ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ፣ የትኛዋ ተማሪ በስንት ሰዓት በየትኛው በር እንደ ወጣች ሊታወቅ ነው። ለመንገድ ምሪት ይህ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ስሌቱ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ተጀምሮ በስልኩ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ወላጆች እንዲህ ያለውን መተግበሪያ ለልጃቸው ከመጫናቸው በፊት «የልጄን ስፍራ ለማን ይናገራል?» ብለው ቢጠይቁ መብታቸው ነው፤ መልሱም «ለማንም» የሚል መሆን ይኖርበታል።

ሥራው አለቀ በተባለ ጊዜ ደግሞ ፈተናው ይመጣል። የዴንማርክ ተወላጅ የሆኑት ያኮብ ኒልሰን በ2000 በአውሮጳ አቈጣጠር እንደ ጻፉት፣ አንድን እንዲህ ያለ ነገር በ5 ሰዎች ብቻ ቢሞክሩት አብዛኛው ጕድለቱ ይገለጣል። አምስቱ ግን ግቢውን ፈጽሞ ያላዩ መሆን አለባቸው። ስልኩ ይሰጣቸውና «ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሂዱ» ይባላሉ፤ ንድፉን የሠራው ወጣት ከኋላ እየተከተለ ይሄዳል። መናገርም፣ በእጁ ማመልከትም አይፈቀድለትም። ተማሪዋ ከደረጃው አጠገብ ቆማ ወደ ስልኳ፣ ቀጥሎም ወደ አንበሳው፣ እንደ ገና ወደ ስልኳ ስትመለከት እርሱ የቆመችበትን ስፍራና የቆየችበትን ደቂቃ በደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ በማግስቱም ያን አንዱን ዐረፍተ ነገር ለማረም ይቀመጣል።